እትዬ ሜትር እና ሦስቱ ዘፈን አምጪዎች

ከእትዬ ሜትር ጋር አሥራ አራት ዓመት አብሬ ሠርቻለሁ። ሜትር የተባለችው አንገቷ ላይ የምታጠልቀውን የልኬት ሜትር ለመኝታ ካልሆነ ስለማታወልቀው ነው። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ላይ ከሐብሏ ጋር አንጠልጥላው ሄዳ፣ ፎቶ አንሺው «እናቴ፣ ያቺን ቢጫ ነገር ያንሷት እስቲ» እስኪላት ድረስ ልብ አላለችም። ዋና ቆራጫችን ናት። እሷ ያልቆረጠችውን ማንም አይሰፋም፤ እሷ የቆረጠችውን ደግሞ ማንም አያርምም።

ስፌት ቤታችን ቀለምና ሚስማር ከሚሸጥ ሱቅ በላይ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ደረጃው ጠባብ ስለሆነ ጥቅል ጨርቅ የሚወጣው በትከሻና በእርግማን ነው። ስድስት የስፌት መኪናዎች በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፤ መሃል ላይ የእትዬ ሜትር ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ ጥጉ ላይ ጋሽ ካውያ ከእንፋሎቱ ውስጥ ብቅ ጥልቅ ሲል ይውላል። የምንሰፋው ዩኒፎርም ነው፤ የተማሪ፣ የአስተናጋጅ፣ የነርስ፣ የጥበቃ። በስተቀኜ የምትቀመጠው ኪስ ብቻ ስለምትሰፋ ኪሴ እንላታለን። እኔ ዚፕ ነኝ። ዚፕ ስለምገጥም ነው እንጂ አፌ ስለሚዘጋ አይደለም፤ ስሙን ያወጣችልኝ እትዬ ሜትር ራሷ እስክታነባ ስቃለች።

ያኔ ሙዚቃችን የሚመጣው ከአንዲት ፍላሽ ነበር። ስልሳ አራት ዘፈን ነበረባት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ ስልሳ አራት ዘፈን ሰማን። ግድግዳው ላይ ሰዓት አያስፈልገንም። አሥራ ሰባተኛው ሲጀምር ሻይ ይጣዳል፤ ሠላሳ አንደኛው ሲያልቅ ምሳ ይወጣል። አንድ ደንበኛ «ዛሬ ስንት ሰዓት ልምጣ?» ብሎ ሲጠይቅ ኪሴ ቀና ሳትል «ሴትዮዋ አልቅሳ ስትጨርስ» ብላ መልሳለታለች። ሰውዬው ማን እንደሞተ ጠይቆ ሊያጽናናን ነበር።

ታዲያ እትዬ ሜትር ያቺን ፍላሽ የሽርጧ ኪስ ውስጥ ረስታ ቤቷ አጠበቻት። በሙቅ ውሃ፣ በሳሙና፤ ከዚያም ከሽርጡ ጋር ፀሐይ ላይ አሰጣቻት። ማክሰኞ ጠዋት ስፒከሩ ላይ ስትሰካት አንዴ ኪርርር አለችና ጭጭ።

ዝምታው ሦስት ቀን ቆየ። ሦስት ቀን ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኪሴ ስትሠራ በአፍንጫዋ እንደምታፏጭ፣ ጋሽ ካውያ በየሸሚዙ መጨረሻ ላይ ምላሱን እንደሚያጮህ፣ እኔ ደግሞ ሳላቋርጥ እንደምለፈልፍ ያኔ ነው የታወቀው። የኔን ያወቁት እነሱ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ተዋደን የኖርነው ለካ ሙዚቃው ገመናችንን ሸፍኖልን ነው። በሦስተኛው ቀን እኔና ኪሴ በአንድ መቀስ ሰበብ ተኳርፈን ጀርባ ለጀርባ ምሳ በላን።

በአራተኛው ቀን የእትዬ ሜትር የእህት ልጅ መጣች። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ጋዋኗን ልታስጠብብ ነበር አመጣጧ። ገና በር ላይ ቆመች።

«ምነው፣ ሰው ታሟል እንዴ? ዘፈኑስ?»

«ታጥቦ ሞተ» አልኳት።

ሳቀች፤ ከዚያ ወደ አክስቷ ዞረች። «አክስቴ፣ የፍላሽ ዘመን እኮ አልፏል። ስልክሽ ላይ አንድ አፕ ልጫንልሽና የዓለም ዘፈን ሁሉ ይምጣልሽ።»

«የዓለም ዘፈን ሁሉ ምን ይሠራልኛል? እኔ የምፈልገው የማላውቀውን ነው፤ ግን ስሰማው የምወደውን።»

«እሱንም ያመጡልሻል። ጠባይሽን አጥንተው አዲስ ነገር ያቀርባሉ።»

«የትኛው ይሻላል?»

«ሁሉም እኔ እበልጣለሁ ይላሉ።»

እትዬ ሜትር መቀሷን አስቀመጠች። መቀስ ስታስቀምጥ ነገሩ ከባድ ነው ማለት ነው። «ማለቱንማ ማን ይከለክላቸዋል። ጨርቅ ነጋዴውም ሁሉ ቀለሙ አይለቅም ይላል። እኔ ግን ቁራጭ ወስጄ ቤቴ አጥበዋለሁ። ስንት ናቸው?»

«ብዙ ናቸው፤ ደህናዎቹ ሦስት ይሆናሉ። ሦስቱም መጀመሪያ ላይ በነፃ ያስሞክራሉ።»

«እንግዲያው ሦስቱንም እናጥባለን» አለች እትዬ ሜትር።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ቀላል ነበር። ግን እትዬ ሜትር የምትኖረው ከታናሽ እህቷ ጋር ነው፤ እህቷ ደግሞ የሒሳብ አስተማሪ ናት፤ የልጅቷ እናት። እራት ላይ ነገሩን ስትሰማ ማንኪያዋን ወደ ላይ አንስታ «ልፋትሽ ነው» አለች አሉ። «ከአርባ ዓመት ያለፈ ጆሮ አዲስ ዘፈን አይቀበልም። መጽሔት ላይ አንብቤያለሁ።»

«መጽሔቱን የጻፈው ልጅ ስንት ዓመቱ ነው?»

«እድሜው ምን አገባሽ! በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

«እኔ ሃምሳ ሰባት ዓመቴ ነው። እኔን መቼ አጠኑኝ?»

ተወራረዱ። የተሸነፈችው አንድ ወር ሙሉ ዕቃ ታጥባለች። አስተማሪዋ ግን መወራረድ ብቻ አይበቃትም፤ ፈተና ካለ ሕግ ያስፈልገዋል ብላ ቅዳሜ ጠዋት ማስመሪያና ደብተር ይዛ ስፌት ቤት ድረስ መጣች። ለእያንዳንዱ አፕ ሁለት ሁለት ሳምንት ይሰጠዋል። ሦስቱም የሚጀምሩት ከስልሳ አራቱ ውስጥ በተመረጡ በአምስቱ ተመሳሳይ ዘፈኖች ነው፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ዘፈን አይመርጥም፣ አያዘልልም። አምስቱን ስንመርጥ ብቻ ግማሽ ቀን ተጨቃጨቅን፤ ከኪሴ ጋር የታረቅነውም ያኔ ነው፤ ሁለታችንም የሚያለቅሰውን ዘፈን መረጥን።

«ጥሩ፤ የምንለካው ግን ምኑን ነው?» አለች አስተማሪዋ።

እትዬ ሜትር ጠመኔዋን አነሳች። «አንድ ሰው ከሥራው ቀና ብሎ ‹ይሄ ማነው?› ካለ፣ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አንድ መስመር። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ መስመር ያገኙትን ብቻ መልሰን እንሰማለን። ያኔም ‹ድገሙት› የሚል ሰው ካለ መስመሩ ይከበባል። ታጥቦ ያልለቀቀው እሱ ነው።»

አስተማሪዋ ሁላችንም ከአርባ ማለፋችንን አረጋግጣ ደብተሯ ላይ ጻፈች። «ይሄ ይሁን» አለች፤ እሷ «ይሁን» ካለች ሌላ ሰው አጨብጭቧል ማለት ነው።

የአፖቹ ስም ለምላሳችን ስላልተመቸ እንደ ልማዳችን ቅጽል አወጣንላቸው። የመጀመሪያውን ታዛዡ አልነው። አምስቱን ዘፈን እንደሰማ ወዲያው የነሱን ዘመዶች ይዞ መጣ። የመጀመሪያው ቀን ላይ የተደሰትነው ደስታ! የምናውቃቸው ዘፋኞች የማናውቃቸው ዘፈኖች፣ ከዚያ እነሱን የሚመስሉ ሌሎች ዘፋኞች። በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አሥራ ስድስት መስመር ተሠመረ። ጠዋት ጠዋት ሲታጠብ ግን ቀለሙ ይለቃል። «ይሄ ትናንት የሰማነው ነው ወይስ ያኛው?» እያልን መለየት አቃተን። በሁለተኛው ሳምንት መሃል ላይ ታዛዡ መዞር ጀመረ፤ የሚያለቅሰውን ዘፈን ወደድን ብለን ነው መሰለኝ ከጠዋት እስከ ማታ የሚያለቅስ ሰው ሁሉ ሰበሰበብን። ሐሙስ ዕለት የአስተናጋጅ ኮት ሊለካ የመጣ ወጣት «እዚህ ቤት ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

እትዬ ሜትር መቀሷን እያንቀሳቀሰች አሰበችበት። «ጥሩ ልጅ ነው። ግን የሚያመጣልኝ እኔኑ ነው። አንድ ሱፍ የወደደ ደንበኛ ሁሌ ያንኑ ሱፍ ሲያሰፋ ታውቂያለሽ? ይሄ እንደሱ ነው። ሳልጠይቀው ይሰፋልኛል።»

አሥራ ዘጠኝ መስመር፤ ታጥቦ የቀረው አራት። አስተማሪዋ መዘገበች፣ ፈገግ አለች፣ የወጥ ቤቱን ሽርጥ ለታላቅ እህቷ ማንጠልጠያ ላይ አዘጋጅታ ሰቀለችላት።

ሁለተኛውን ዘላዩ ብለነዋል፤ ለምን እንደሆነ ለማሳየት ብዙ አልፈጀበትም። አምስቱን ዘፈን እንደ ወጉ ሰማ፤ ከዚያ ማን እንዳስደነገጠው አይታወቅም፣ ተነሥቶ ሄደ። ዋሽንት ብቻ። ከዚያ ሠላሳ ሰው የሚጮህበት ከበሮ። ከዚያ አንዲት ሴት በሹክሹክታ፣ ምን ቋንቋ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በመሃል አንድ ጩኸት ለቀቀብን፤ ኪሴ ደንግጣ የጥበቃ ሸሚዝ ላይ ኪሱን አፉን ወደ ታች ገጠመችው። እኛ ስንስቅ እሷ ሸሚዙን አንሥታ አየችውና «ለሚሰርቀው ሰው ይመቻል» ብላ ፈታችው። እንቁራሪት የሚጮህበት ዘፈንም ነበር። መሣሪያው ነው እንጂ እንቁራሪት አይደለም ብላ የእህት ልጅ ብታስረዳንም፣ እኛ እንቁራሪቱን እናውቃለን።

መስመሩ በዛ። ሠላሳ ሦስት ደረሰ። ግን ግማሹ «ይሄ ማነው? አጥፉት!» የተባለበት ስለሆነ አስተማሪዋ ተጠርታ እነዚህ በኤክስ ይሠመሩ ብላ ወሰነች።

አንድ ዓርብ ከምሳ በኋላ ግን አንድ ነገር ሆነ። ቃል የሌለው ዘፈን መጣ፤ የክር መሣሪያ ብቻ፣ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ የሚጫወተው። ቀስ ይላል፣ ይቆማል፣ የረሳውን ነገር እንዳስታወሰ ሰው እንደገና ይጀምራል። የእንፋሎቱ ድምፅ ሲቋረጥ ሁላችንም ዞርን። ጋሽ ካውያ ካውያውን አቁሞ፣ እጁን በሽርጡ ላይ አጣጥፎ ቆሟል። ይሄ ሰው በቀን ከአሥር ቃል በላይ አያወጣም፤ አብዛኛውም «ሞቋል፣ አትንኩ» ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ «ድገሚልኝ» አለ።

እትዬ ሜትር ደገመችለት። ሲያልቅ ሦስተኛም ደገመች።

«ጋሼ፣ ምን ትዝ አለህ?» አልኩት፤ አፌ አያርፍም።

«ምንም» አለ። «እንዲያው ደስ አለኝ።» ካውያውን አነሣና ሥራውን ቀጠለ። እስከ ማታ ድረስ ምላሱን አላጮኸም፤ ዜማውን ነበር በከንፈሩ የሚይዘው።

የዘላዩ ዘፈኖች ታጥበው የቀሩት ሰባት ናቸው፤ የጋሽ ካውያ ብቻዋን ሁለት ክበብ ተሠራላት፣ አስተማሪዋ ሳታይ።

ሦስተኛውን የእህት ልጅ እንኳ አቅማምታ ነው የጫነችው። «ይሄኛው ጠባይ ማጥናት ላይ ደካማ ነው፤ አብዛኛው ሰዎች ራሳቸው የሚያዘጋጁት ዝርዝር ነው» አለች። እውነትም ስንከፍተው ዘፈን ሳይሆን ሰው ነበር የተደረደረው። እያንዳንዱ የዘፈን ዝርዝር ላይ ያዘጋጀው ሰው አንዳንድ ነገር ጽፎበታል፦ «ልጄ እስክትተኛ»፤ «የጭነት መኪና ስነዳ፣ ዳገት ላይ»፤ «ከእናቴ ጋር ተጣልቼ የታረቅኩ ቀን»። ጎረቤቶቹ አልነው፤ አስተማሪዋም እዚህ ላይ ዝርዝር መክፈት ዘፈን እንደ መምረጥ አይቆጠርም ብላ ፈቀደች። እትዬ ሜትር መነጽሯን ገፋ አድርጋ ከዘፈኑ በፊት ጽሑፉን ማንበብ ያዘች። እኛ «ክፈቺው እንጂ!» ስንል «ቆይ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ልወቅ» ትላለች።

ከሁሉ የወደደችው የአንድ ዳቦ ጋጋሪ ዝርዝር ነው። «ሊጡ እስኪነሣ» ይላል ርዕሱ። ሰውዬው ከየዘፈኑ ሥር አንዳንድ መስመር ይጽፋል። አንዷ ላይ «ይቺን ስሰማ ዳቦውን አሳረርኩ፤ አልቆጨኝም» ብሏል። ተራዋ ሲደርስ ሰማናት። አንዲት ወጣት ሴት ናት፤ አንድ ጊታርና የልጅ ጭብጨባ የመሰለ ከበሮ አለ። ድምፁ ትልቅ አይደለም። ግን እትዬ ሜትር፣ ጋሽ ካውያ፣ ኪሴና እኔ፣ እውነቴን ነው፣ አራታችንም በአንድ ጊዜ ቀና ብለን «ይሄ ማነው?» አልን። አስተማሪዋ ኋላ ላይ ይሄ አንድ መስመር ነው ወይስ አራት ብላ ሕጓን አገላብጣ ተቸገረች። ስልኩ ላይ የዘፋኟ አድማጮች ቁጥር ተጽፏል፤ መቶ አሥራ ሁለት።

«መቶ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ?» አለች ኪሴ። «እኛ ሰርግ ላይ የምንጠራው እንኳ ይበልጣል!»

በሁለት ሳምንት አሥራ ስድስት መስመር ብቻ ተሠመረ። ሲታጠብ ግን አሥራ ሁለቱ ቀረ።

ቅዳሜ ዕለት አስተማሪዋ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አጎንብሳ ቆጠረች፣ ደግማ ቆጠረች፣ ደብተሯን ከነማስመሪያው ዘጋች። ሃያ ሦስት ዘፈን፤ ሃያ ሦስቱም አዲስ፣ ሃያ ሦስቱም የተወደዱ። ታላቅ እህቷን አየቻት። «ደህና» አለች፤ «መጽሔቱ ተሳስቷል።» በዚያ ወር ሙሉ እትዬ ሜትር ከእራት በኋላ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ «ሳህኑን በጀርባውም እጠቢው» እያለች የምትዝናናውን መዝናናት ስትተርክልን ሥራ ይቆም ነበር።

የቀረው የትኛውን እንያዝ የሚለው ነው። የነፃው ጊዜ አልቋል። ጋሽ ካውያ ሳይጠየቅ «ዘላዩን» አለ። ኪሴ ታዛዡ ናፍቋት ነበር፤ «ቢያንስ አያስደነግጥም»። የእህት ልጅ ደግሞ ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ ነገር ተናገረች፤ የእኛ ስፒከር አንድ ወገን ጆሮው ከተቀደደ አምስት ዓመቱ ስለሆነ አልተከራከርናትም። እትዬ ሜትር ሁሉንም ሰማች።

«ታዛዡ የማውቀውን ያውቃል። ዘላዩ የማላውቀውን ያውቃል፤ እኔን ግን አያውቀኝም። ጎረቤቶቹ ላይ ግን ዘፈኑን ወዶት፣ እኔም እንድወደው የፈለገ ሰው አለ። እኔ እሱን ነው የምይዘው። ለጋሼ ግን ከዘላዩ ያገኘናቸውን ሰባቱን እዚሁ ፈልገን እንጨምርለታለን።»

ጋሽ ካውያ አንገቱን ነቀነቀ። ከዚያ ሰውየው በአሥራ አንደኛው ቃሉ ያልጠበቅነውን ተናገረ፦ «አንቺስ ለምን የራስሽን አታዘጋጂም?»

እንዲህ ነው የተጀመረው። እትዬ ሜትር ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንላትም፤ በአንድ ጣት ሦስት ፊደል ለመጻፍ አንድ እጅጌ የሚቆረጥበት ጊዜ ይወስድባታል። ስለዚህ እሷ እየቆረጠች ትናገራለች፣ እኔ በምሳ ሰዓት እጽፋለሁ። ርዕሱን፣ ቀኑን ሙሉ የስፌት መኪና ለሚረግጥ እግር ብላ፣ «ለፔዳል እግር» አለችው፤ ሥሩ ላይ ሜትር የሚለውን ስሟን፣ የስፌት ቤታችንን ስምና ስልክ አስጻፈችኝ። ዘፈኖቹን የምትገልጸው ግን በምታውቀው ቋንቋ ብቻ ነበር።

«ዚፕ፣ ጻፊ። መግቢያው ሦስት ሴንቲ ይረዝማል፤ ሌላው ልክ ነው።»

ጻፍኩ።

«ይሄኛው ደግሞ ገበሩ ከላዩ ይበልጣል። ከኋላ የሚያጅቡትን ሴቶች ስሙ።»

«ይሄ ሰውዬ ሁሉንም ቁልፍ ቆልፎ ነው የሚዘፍነው። አንዷን ቢፈታ ይተነፍስ ነበር።»

«አዝማቹ እንደ ጥሩ ኪስ ነው፤ እጅ ሳያስበው ይገባል።» በዚህኛው ኪሴ ሳምንት ሙሉ ተኩራራች፤ ለባሏም አንብባለታለች።

የመቶ አሥራ ሁለቷ ዘፋኝ ላይ ስንደርስ መቀሷን አስቀመጠች። «ጻፊ» አለች ቀስ ብላ። «ይቺ ልጅ ድምጿን በልኳ ነው የሰፋችው። ትልቅ ለመምሰል ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ አልከተተችም። የሚያውቃት ሰው ጥቂት ነው፤ ይብዛ።»

መጀመሪያ የተከተሉን ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የእህት ልጅ፣ አስተማሪዋና የማናውቀው አንድ ሰው። ያ የማናውቀው ሰው ማን ይሆን እያልን አንድ ሳምንት አወራን። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው አገኘን መሰለኝ፣ «እኚህ ሴት ቆራጭ ናቸው፤ ስሟቸው» ብሎ በራሱ ዝርዝር ላይ ጻፈ። አርባ ሆንን። ሁለት መቶ ሆንን። ሌላ ከተማ ያለ ስፌት ቤት «እኛ መጋረጃ ነው የምንሰፋው፤ እግራችን ግን አንድ ነው» ብሎ ጻፈልን። አንድ ጫማ ሠሪ ሙሉ ማብራሪያ ላከ፤ ስለ ሦስተኛው ዘፈን እትዬ ሜትር ተሳስታለች ይላል። ሁለት ቀን ቆረጠች፣ አሰበች፣ «ልክ ነው፣ አርሚው» አለችኝ። እሷን የሚያርም ሰው ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በወሩ መጨረሻ ሁለት ሺህ ስድስት መቶ ነበርን። አስተማሪዋ ቁጥሩን በየቀኑ በደብተሯ እየመዘገበች በመምህራን ክፍል ግራፍ ሠርታ ሰቅላዋለች።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነው። ደረጃው ላይ የሚያመነታ የእግር ድምፅ ተሰማ፤ ሁለት ደረጃ ይወጣል፣ ይቆማል። ከዚያ ቀጠን ያለች፣ የፖስታ ቤት ሰማያዊ ኮት የለበሰች ሴት በሩ ላይ ብቅ አለች። ጣቷ ላይ የማኅተም ቀለም አለ።

«ይቅርታ… ሜትር የሚሏቸው ማን ናቸው?»

መጠየቅ አልነበረባትም፤ ሜትሩ የእትዬ ሜትር አንገት ላይ አለ። ሁላችንም ግን በአንድ ላይ ጠቆምናት።

«ደብዳቤ መጣልን?» አለች እትዬ ሜትር።

«አይ፣ እኔ… የምሠራው ፖስታ ቤት ነው እንጂ የመጣሁት ለደብዳቤ አይደለም።» ቀለም የነካውን ጣቷን ኮቷ ላይ ጠረገች። «እኔ ያቺ ትከሻዋ ላይ ስፖንጅ ያልከተተችው ነኝ።»

ኪሴ ጮኸች። ስድስቱም መኪናዎች ቆሙ። እትዬ ሜትር ከጠረጴዛው ዞራ መጣችና ልጅቷን ከእግር እስከ ራስ አየቻት፤ እንደ ልማዷ በዓይኗ ለካቻት።

«ቁጭ በይ ልጄ። ቀጥነሻል።»

ልጅቷ ሳትቀመጥ ነገሩን በአንድ ትንፋሽ አወራችው። ቀን ፖስታ ቤት ማኅተም ስትመታ ትውላለች፤ ዘፈኑን የቀዳችው ከሁለት ጓደኞቿ ጋር በአንዱ ጓደኛዋ ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ዓመት ሙሉ መቶ አሥራ ሁለት ሰው ነበር የሚሰማት፤ ከመቶ አሥራ ሁለቱ ሠላሳው ዘመድ ነው። ባለፈው ወር ቁጥሩ ሦስት ሺህ ገባ። ስልኳ የተበላሸ መስሏት አጥፍታ አበራችው። ከየት እንደመጡ ስታይ አብዛኛው ከአንድ ዝርዝር ነው፤ «ለፔዳል እግር»። «እኔ የኮምፒውተር ስህተት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ የጻፋችሁትን አነበብኩ። እናቴ እንኳን ስለ ድምፄ እንደዚያ ብላ አታውቅም» አለች፤ ዓይኗ ሞላ፣ ግን እየሳቀች ነው። «አሁን በሁለት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ልወጣ ነው። የምለብሰው የለኝም። እናንተ ዩኒፎርም ነው የምትሰፉት አሉኝ፤ ግን…»

«ዛሬ ዩኒፎርም የለም» አለች እትዬ ሜትር፤ አለቃ እሷ አይደለችም፤ ግን አለቃችንም ቢሆን የሚከራከራት አልነበረም። ሜትሩን ከአንገቷ ሳብ አደረገች። «ነይ እዚህ ቁሚ። ደረትሽን ልለካ ነው፤ ዝፈኚ።»

«እዚህ?»

«ዘፋኝ ዝም ብላ ተለክታ ከተሰፋላት መድረክ ላይ ይተረተራል። ትንፋሽሽ የት ድረስ እንደሚሄድ ማየት አለብኝ።»

ልጅቷ እኛን አየችን፤ ጨርቁን አየችው፤ ዓይኗን ጨፈነችና ጀመረች። በስልክ የምናውቃት ድምፅ አሁን ክፍሉ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሃል ነበረች። ሜትሩ ደረቷ ላይ ሲሰፋና ሲጠብ እናየዋለን። ጋሽ ካውያ ካውያውን ነቀለ፤ ውሃው ፍስስ ብሎ ጸጥ አለ። ኪሴ መርፌውን ከፍ አድርጋ፣ ጨርቅ ሳታስገባ፣ ፔዳሉን ቀስ እያለች ረገጠችው፤ ታክ ታክ፣ ታክ ታክ፣ ልክ ከበሮው እንዳለበት ቦታ። ሌሎቹም ተከተሏት። ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ሳቀች፣ መዝፈኗን ግን አላቋረጠችም። እኔ? አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ጠይቋቸው።

ሲያልቅ እትዬ ሜትር እርሳሷን ይዛ ቆማለች።

«ስንት መጣ?» አልኳት ልጽፍላት።

«ረሳሁት» አለች።

አሥራ አራት ዓመት ልኬት ስትረሳ አላየሁም። «እንደገና መለካት አለብን» ብላ ልጅቷን ዞረቻት። «ሌላኛውን ዝፈኚ።» በእውነት ረስታ ይሁን ሆን ብላ እስከ ዛሬ አታወራም። ሦስት ዘፈን ነው የለካናት።

ቀሚሱ ጥቁር አረንጓዴ ነበር፤ እጅጌው ረጅም፣ ወገቡ ላይ ጠበብ ያለ፣ ጎኑ ላይ ለትንፋሽ የሚሆን የተደበቀ እጥፋት ያለው። ዚፑን እኔ ገጠምኩት፤ ሦስት ጊዜ ፈትቼ። ኪሴ ቀሚስ ላይ ኪስ አያስፈልግም ሲሏት እምቢ አለች፤ ማንም የማያየው ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ ኪስ ሰፋችላት፣ መሐረብ የምትይዝ። ጋሽ ካውያ ሲተኩሰው ማንንም አላስጠጋም። ዋጋው ሲነሣ እትዬ ሜትር «በነፃ አስሞክሬያለሁ» ብላ ነገሩን ዘጋችው።

ዝግጅቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በአንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሁለት መቶ ወንበር፤ ሁሉም ሞልቶ ከኋላ የቆመ ሰው አለ። እኛ ሁለተኛው ረድፍ ላይ በሙሉ ተቀምጠናል፤ አስተማሪዋና ልጇም አሉ። ዘፋኟ መድረክ ላይ ስትወጣ እትዬ ሜትር ፊቷን አላየችም፤ ብብቷን ነበር የምታየው። «እጇን ስታነሣ ይስበው ይሆን?» ትላለች። «ትከሻው ትንሽ… አይ ደህና ነው።» በአንደኛው ዘፈን ስፌቱን ተከተለች። በሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ ዞር ስል ስፌት ማየት ትታለች፤ አገጯን እጇ ላይ አድርጋ አፏን ትንሽ ከፍታ ትሰማለች።

አራተኛው ፈጣን ነበር። ከመጀመሩ በፊት ልጅቷ ወደ ማይኩ ጠጋ አለችና «ባለ ፔዳል እግሮቹ እዚህ ናቸው፤ ይሄ የነሱ ነው» አለች። ኪሴ ተነሥታ እንደ ሚኒስትር እጇን አውለበለበች። ጭብጨባው ሲነሣ እትዬ ሜትር ቦርሳዋን አንሥታ ጭኔ ላይ ጣለችው።

«ያዢልኝ።»

«ወዴት ነው እትዬ?»

አልመለሰችልኝም። በወንበሮቹ መሃል ወጥታ መድረኩ ሥር ወዳለው ባዶ ቦታ ሄደችና ጨፈረች። ብቻዋን። ትከሻዋ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ፤ እጇ አየሩን እንደ ጥሩ ጨርቅ እየዳሰሰው። አሥራ አራት ዓመት አብረን ስንሠራ ይሄንን ደብቃን ነበር። አስተማሪዋ በድንጋጤ «እህቴ ናት» አለች አጠገቧ ላለ ለማታውቀው ሰው፤ ከዚያ ጮክ ብላ ደገመችው፣ «እህቴ እኮ ናት!» ብላ ራሷም ተነሣች። ጋሽ ካውያ ኮቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ በልኩ አጥፎ አስቀመጠና ተከተላቸው። አዳራሹ ሁሉ ሲነሣ እኔ በአንድ እጄ ቦርሳዋን፣ በሌላው የጋሽ ካውያን ኮት ይዤ ነበር የምጨፍረው።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሜትር ጉልበቷን እያሸች፣ በየሦስት ደረጃው እየቆመች ወጣች። የነርሶች ጋዋን፣ ሰማንያ ፍሬ፣ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቃታል። ጨርቁን ዘረጋች፣ በመዳፏ አስተካከለችው፣ ስልኳን አውጥታ ሰጠችኝ።

«ያ ቅዳሜ ለልጅቷ ከበሮ የመታው ልጅ ሌላም ቡድን አለው አሉ» አለች። «እስቲ ፈልጊው።»